ጌዴዎን በቡሬ መንገድ፣ ሠራዊትም ያለ ጠመንጃ



ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ በመኪና ሄዳችሁ ታውቁ ይሆናል። ማንኩሳን ታልፋላችሁ፣ ፍኖተ ሰላም ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ ጅጋ፣ ከዚያ ደምበጫ ይቀጥላል። በመስኮት የሚታየው የበቆሎ፣ የበርበሬና የጤፍ ማሳ ነው። ይህ መንገድ ብዙ ጦር አሳልፏል። አንዱ ግን ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ የወሰደ ነበር፤ የጌዴዎን ኃይል ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ሠራዊቶችን ጎን ለጎን አቀርብላችኋለሁ። የመጀመሪያው በእኛው አገር መንገድ ያለፈው ጠመንጃ ያነገበ ጦር ነው። ሁለተኛው ከለንደን ድሆች ሰፈር የተነሣ፣ መለዮ ለብሶ፣ ማዕረግ ይዞ፣ ባንዲራ አንሥቶ፣ ጠመንጃ ግን ያልያዘ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሳልቬሽን አርሚ፣ በእኛ ቋንቋ የድነት ሠራዊት። ሁለቱን ማየት የሚጠቅመን እኛም በየጉባኤያችን ስለ ወታደርነት ስለምንዘምር፣ ስለ ውጊያ ስለምንጸልይ ነው። እነዚህ ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ለይተን ካላወቅን፣ በተለይ በዚህ ምድር በዚህ ዘመን፣ የምንናገረውን ጎረቤታችን በሌላ መልኩ ሊሰማው ይችላል።

የጌዴዎን ኃይል

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጣሊያን አገራችንን ከወረረ በኋላ የጎጃም አርበኞች ለዓመታት በዱር በገደል ተዋጉ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም ጠላትን በየምሽጉ አስጨንቀው ያዙት። በ1932 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባ፤ ሥራው አርበኞችን ማገናኘትና መርዳት ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ኡም ኢድላ በተባለ ስፍራ ድንበሩን ተሻግረው የአገራቸውን አፈር ረገጡ።

ከእርሳቸው ጋር የተንቀሳቀሰውን ጦር የመራው ኦርድ ዊንጌት የተባለ መኮንን ነው። ዊንጌት በ1903 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ፕሊማዝ ብሬዝረን ከተባለው የወንጌላውያን ማኅበር ነበሩ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን በየቀኑ በሚያነብብና በሚያስጠና ቤት አደገ። ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት በፍልስጥኤም ምድር፣ ጌዴዎን ሰዎቹን በውኃ በፈተነበት በሐሮድ ምንጭ አካባቢ የሌሊት ተዋጊዎችን አሠልጥኗል። ስለዚህ ለጎጃሙ ጦር ስም ሲፈልግ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7 ወደ አእምሮው ቢመጣ አያስገርምም።

የጦሩ ቁጥር ሁለት ሺህ ገደማ ነበር። በውስጡ የሱዳን ድንበር ሻለቃ፣ በስደት ሳሉ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ያሉበት ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ፣ ጥቂትም የእንግሊዝ መኮንኖች ነበሩ። ስንቅና ጥይቱን የተሸከሙት በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች ናቸው። የበረሃ እንስሳት የጎጃምን ዳገትና ብርድ አልቻሉትምና አብዛኞቹ በየመንገዱ አለቁ።

በፊታቸው የነበረው የጣሊያን ጦር በቁጥር ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ቡሬ ላይ የሰፈረው በኮሎኔል ናታሌ የሚመራ ነው። ዊንጌት በሌሊት እየተኮሰ፣ በድምፅ ማጉያ እያስነገረ፣ በራሪ ወረቀት እየበተነ፣ አርበኞችም በየአቅጣጫው እያስጨነቁ፣ ጠላት የከበበው ጦር እጅግ ብዙ እንደሆነ አድርጎ እንዲገምት ተደረገ። ናታሌ በየካቲት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቅቆ በዚሁ በምናውቀው መንገድ ወደ ደምበጫ ሸሸ። ደምበጫ አቅራቢያ ባለ ወንዝ ዳር ያገኘው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነበር። በቁጥር ያነሰው ይህ ሻለቃ ብርቱ ውጊያ ተዋግቶ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ስማቸው በመጻሕፍት እምብዛም የማይነሣ ልጆቻችን እዚያ ወደቁ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ። በዚያ ቀን ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ መከሩ።

የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የአሁኑን ስም ያገኘችው ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ በዚህ ባለፉ ጊዜ ነው። ትርጉሙ የሰላም መንገድ ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ድል ያልፈወሰው ሰው

አሁን ስለ ዊንጌት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በስሙ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ተሠርቶለታል፣ እንደ ጀግናም ይታወሳል። ነገር ግን ከዘመቻው በኋላ ወዲያው፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር፣ ካይሮ ውስጥ በወባ ትኩሳትና በከባድ ጭንቀት ተይዞ የገዛ ሕይወቱን ሊያጠፋ ሞከረ። በሰዎች ርብርብ ተረፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ይህን የምነግራችሁ እንድትፈርዱበት አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን ከልጅነቱ የሚያውቅ፣ ጥቂቶችን ይዞ ብዙዎችን ያሸነፈ ሰው ከድሉ ማግስት እንዲህ ሊሰበር እንደሚችል እንድታውቁ ነው። ኤልያስም በቀርሜሎስ ካሸነፈ በኋላ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለምኗል። እግዚአብሔር ያን ጊዜ አልገሠጸውም፤ አስተኛው፣ እንጀራና ውኃ ሰጠው፣ ከዚያ በኋላ ነው ያናገረው።

ጌዴዎን ራሱስ? መሳፍንት 7ን እንወደዋለን፣ ምዕራፍ 8ን ግን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ከድሉ በኋላ ጌዴዎን እንጀራ የከለከሉትን የሱኮትን ሰዎች በእሾህ ቀጣቸው። ከምርኮውም ወርቅ ሰብስቦ ኤፉድ ሠራ፣ ያም ለእርሱና ለቤቱ ወጥመድ ሆነ። ደግሞ ምዕራፍ 6ን ተመልከቱ። ጌዴዎን ገና ሰይፍ ሳያነሣ፣ ገና መለከት ሳይነፋ የሠራው መሠዊያ ነበር፤ ስሙንም እግዚአብሔር ሰላም ነው ብሎ ሰየመው። ስሙን የወሰደው ጦር ባለፈበት መንገድ ላይ የሰላም መንገድ የምትባል ከተማ መኖሯን ሳስብ ይህ መሠዊያ ትዝ ይለኛል።

በማተሚያ ቤት ረቂቅ ላይ የተሰረዘ ቃል

ወደ ሁለተኛው ሠራዊት እንሂድ። ዊልያም ቡዝ በ1829 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኖቲንግሃም ተወለደ። በልጅነቱ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ በሚያበድር ሱቅ ተቀጥሮ ሠራ። እዚያ ድሀ የሠርግ ቀለበቱን፣ የእሑድ ልብሱን እንዴት እንደሚያሲዝ በዐይኑ አየ። በኋላ የሜቶዲስት አገልጋይ ሆነ። በ1865 በምሥራቅ ለንደን ጠጅ ቤቶች በበዙበት ሰፈር መንገድ ላይ መስበክ ጀመረ። ሥራው ክርስቲያን ሚሽን ይባል ነበር።

በ1878 የዓመቱ ሪፖርት ለማተሚያ ቤት ሲዘጋጅ ረቂቁ ላይ ክርስቲያን ሚሽን የበጎ ፈቃደኞች ሠራዊት ነው የሚል ሐሳብ ተጽፎ ነበር። በእንግሊዝ በዚያ ዘመን ሲመቸው ብቻ የሚሠለጥን የበጎ ፈቃድ ጦር ስለነበረ ልጁ ብራምዌል እኔ እንደዚያ አይደለሁም፣ መደበኛ ወታደር ነኝ አለ። ቡዝ ብዕሩን አንሥቶ ቃሉን ሰረዘና በምትኩ ድነት ብሎ ጻፈ። ስሙ የድነት ሠራዊት ሆኖ ቀረ።

ከስሙ ጋር ሌላውም ተከተለ። ምእመናን ወታደሮች ተባሉ። አገልጋዮች መኮንኖች ሆኑ፤ ሻምበል፣ ሻለቃ እያለ እስከ ጄኔራል የሚደርስ ማዕረግ ተሰጣቸው። ደምና እሳት የሚል ቃል ያለበት ባንዲራ ተሠራ፤ ደሙ የክርስቶስ፣ እሳቱ የመንፈስ ቅዱስ ነው። ማለዳ የሚደረገው ጸሎት የጉልበት ልምምድ ተባለ። ወታደር የሚሆን ሰው ቃል ኪዳን ይፈርማል፤ ከአልኮልና ከትምባሆ ይርቃል። በእኛ አገር ቢሆን ጠላና አረቄው ቀረ ማለት ነው። ወታደር ሲሞት ሞተ አይሉም፣ ወደ ክብር ተሾመ ይላሉ። መኮንን ደግሞ በታዘዘበት ይሄዳል፤ ባልና ሚስትም አብረው ሠልጥነው አብረው ይሾማሉ።

ጥሩምባው እንኳ ታሪክ አለው። በሶልዝበሪ ከተማ መንገድ ላይ የሚሰብኩትን ዱርዬዎች ይደበድቧቸው ነበር። ቻርልስ ፍራይ የተባለ ግንበኛና ሦስት ልጆቹ ሰባኪዎቹን ሊጠብቁ መጡ። አባትና ልጆቹ የነሐስ መሣሪያ ይጫወቱ ነበርና ይዘውት መጡ። የመጀመሪያው የሠራዊቱ ባንድ በዚህ ተጀመረ። ልብ በሉ፣ ለጥበቃ መጥተው በእጃቸው የያዙት መለከት ነው። የጌዴዎን ሦስት መቶ ሰዎችም በወሳኙ ሌሊት እጃቸውን የሞላው መለከት፣ ማሰሮና ችቦ ነበር።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። የጠጅ ቤት ሰዎች ያነሣሡት የአጽም ሠራዊት የሚባል ቡድን በየከተማው ድንጋይና ቆሻሻ ይወረውርባቸው ነበር። በ1882 በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከ600 በላይ የሠራዊቱ ሰዎች ተደብድበዋል፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። የታዘዙት መልሰው እንዳይመቱ ነው። ሠራዊት ተብለው፣ መለዮ ለብሰው፣ ባንዲራ ይዘው፣ ሲመቱ ግን አይመልሱም። ያ ሠራዊት ከሌላው ሠራዊት የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ሴቶችና ወጣቶች

የዊልያም ሚስት ካትሪን ቡዝ ባትኖር ይህ ሥራ ባልኖረ ነበር። በ1859 ሴቶች የመስበክ መብት እንዳላቸው የሚሟገት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈች። እርሷ ራሷ ግን ዓይን አፋር ነበረችና መድረክ ላይ አልወጣችም። በ1860 በበዓለ ኀምሳ ቀን በጌትስሄድ ባሏ ሰብኮ ሲጨርስ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ፊት ሄደች። ምን ሆንሽ ሲላት አንድ ቃል መናገር እፈልጋለሁ አለችው። እስከዚያ ቀን ድረስ እግዚአብሔርን አለመታዘዟን በሕዝብ ፊት ተናዘዘች። ባሏም ለማታው ጉባኤ እርሷ እንደምትሰብክ አስታወቀ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሴቶች በዚህ ሠራዊት ማንኛውንም ማዕረግ እንዲይዙ ተፈቀደ፤ በ1934 ልጃቸው ኢቫንጀሊን ቡዝ የመጀመሪያዋ ሴት ጄኔራል ሆና ተመረጠች።

እናንተ ወጣቶች ኢላይዛ ሸርሊን እወቋት። በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ያገለግል የነበረች፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት የሠራዊቱ መኮንን ነበረች። በ1879 ከወላጆቿ ጋር ወደ አሜሪካ ፊላዴልፊያ ስትሄድ የሚከራይ አዳራሽ አላገኙም። ተትቶ የነበረ የወንበር ፋብሪካ ጠርገው ስብከት ጀመሩ። የአሜሪካው ሥራ የተተከለው በእርሷና በወላጆቿ እጅ ነው። በይፋ የተላከው ቡድን የመጣው ከወራት በኋላ ነው፤ እርሱም አንድ ወንድና ሰባት ሴቶች ነበሩ።

ወንጌልና ክብሪት

ይህ ሠራዊት የሚዋጋው ከምን ጋር ነበር? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በዚያ ዘመን በለንደን ክብሪት የሚሠራው በነጭ ፎስፈረስ ነበር። ፎስፈረሱ ርካሽ ነው፣ ግን መርዝ ነው። የሴት ሠራተኞቹን የመንጋጋ አጥንት ያበሰብሳል። የድነት ሠራዊት በ1891 የራሱን የክብሪት ፋብሪካ ከፈተ። አደገኛ ያልሆነ ፎስፈረስ ተጠቀመ፣ አየር የሚገባበት ክፍል ሠራ፣ የተሻለ ደመወዝ ከፈለ። ክብሪቱ ውድ ስለነበር በገበያ አልዘለቀም፤ ፋብሪካው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ተዘጋ። ነገር ግን ሌላ መንገድ እንዳለ ሕዝብ አይቷል። በ1908 የእንግሊዝ ፓርላማ ነጭ ፎስፈረስን በክብሪት ሥራ በሕግ ከለከለ።

ሌላም አለ። በ1907 ቡዝ በለንደን ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች የምክር ቢሮ ከፈተ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ያለ ክፍያ መጥቶ የሚያዳምጠው ሰው ያገኝ ነበር። ከላይ ስለ ዊንጌት የነገርኳችሁን አስታውሱ። ከጎጃም ዘመቻ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ አንድ ሠራዊት ሥራዬ ብሎ ለተሰበሩት በር ከፍቶ ነበር። ከእናንተ መካከል ሌሊቱ የረዘመበት ቢኖር፣ ዝም ማለት የእምነት ምልክት አይደለም። ለምታምኑት ሽማግሌ፣ ለእናታችሁ፣ ለጓደኛችሁ፣ ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ኤልያስንም የረዳው በመጀመሪያ የቀረበለት እንጀራ ነው።

የሠራዊት አደረጃጀት ሲከብድ

ጥሩውን ብቻ ብነግራችሁ ታሪክ ሳይሆን ማስታወቂያ ይሆናል። ትእዛዝ ከላይ ብቻ ሲመጣ መሪው ቢሳሳት ማን ያርመዋል? የቡዝ ልጅ ባሊንግተን በአሜሪካ ሥራውን ሲመራ ቆይቶ በ1896 ከአባቱ ጋር ባለመስማማት ተለይቶ ወጣ። ዊልያም በ1912 ሲሞት ጄኔራልነቱ በራሱ ምርጫ ወደ ልጁ ብራምዌል ተላለፈ። በ1929 ብራምዌል አርጅቶና ታሞ ሳለ ሥልጣኑን ለመልቀቅ አልፈለገም። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ከፍተኛ መኮንኖች በድምፅ አወረዱትና ሌላ መረጡ። ከዚያ ወዲህ ጄኔራል የሚሆነው በምክር ቤት የተመረጠ ብቻ ነው። መሥራቹን የሚወድዱ ሰዎች ለመሥራቹ ልጅ አይሆንም ማለት ነበረባቸው። ይህ ያሳመመ ውሳኔ ሠራዊቱን ከአንድ ቤተሰብ ንብረትነት አዳነው።

በትምህርትም ከእኛ የሚለዩበት ነጥብ አለ። ከ1883 ጀምሮ ጥምቀትንና የጌታ እራትን አይፈጽሙም፤ ሕይወት ሁሉ ምሥጢር ሊሆን ይገባል ይላሉ። እኛ ጌታ ያዘዘውን እንጠብቃለን። ከአንድ ማኅበር ለመማር በሁሉም መስማማት ግን ግዴታ አይደለም። ዛሬ ይህ ቤተ ክርስቲያን ከ130 በላይ አገሮች ውስጥ ያገለግላል፤ ወደ ጎረቤታችን ኬንያ የገባው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛስ በምን ቃል እንዘምር?

አሁን ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም፣ ወደ እናንተ ልመለስ። በዚህ አገር ወታደር የሚለው ቃል ምሳሌያዊ ብቻ አይደለም። እናት ቃሉን ስትሰማ ልጇ ይታወሳታል፣ ገበሬው የተዘጋ መንገድ ይታወሰዋል፣ ተማሪው የተቋረጠ ትምህርቱ። የቅርቡን ዘመን እናንተው ኖራችሁበታልና ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ቤት ካለበት ግቢ አጠገብ ጠላትን ደመሰስነው እያልን በድምፅ ማጉያ ስንዘምር ጎረቤታችን ማንን የምንል ይመስለዋል? እኛ ዲያብሎስን ማለታችን ነው፤ እርሱ ግን ልባችንን አያነብብም፣ ድምፃችንን ብቻ ነው የሚሰማው።

ታዲያ ቃሉን እንተወው? አይደለም። ጳውሎስ ራሱ ተጠቅሞበታል። ጢሞቴዎስን እንደ ወታደር መከራን እንዲቀበል መክሮታል፣ አፍሮዲጡን አብሮኝ ወታደር ብሎታል። ግን ኤፌሶን 6ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ውጊያው ከሥጋና ከደም ጋር እንዳልሆነ አስቀድሞ ይነግረናል። ጫማውም የሰላም ወንጌል ዝግጅት ነው። የክርስቶስ ወታደር በየትኛውም መንገድ ቢሄድ እግሩ የሚረግጠው በሰላም ነው። ለእግሩ የተሰጠው መንገድ ፍኖተ ሰላም ነው ማለት ነው።

ከድነት ሠራዊት የምንማረው መለዮ መልበስን አይደለም። በመካከላችን አንድ ወጣት የጦር ልብስ የመሰለ ነገር ለብሶ ቢዘምር ዛሬ የሚጠቅም አይመስለኝም። የምንማረው መመዘኛውን ነው። ሠራዊት ነን ካልን የተመታን ጊዜ መልሰን እንመታለን ወይስ አንመታም? ትእዛዝ እንቀበላለን ካልን፣ ወደማይመቸን ቀበሌ ሂዱ ስንባል እንሄዳለን? ከጠላት ጋር እንዋጋለን ካልን፣ ጠላታችን የሰፈራችን ሰው ነው ወይስ የሰፈራችንን ሰው የሚያስርበው፣ የሚያሰክረው፣ ተስፋ የሚያስቆርጠው ነገር? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሳችን ትክክል ከሆነ ስሙን መሸከም እንችላለን።

ያ የጌዴዎን ኃይል በዚህ መንገድ አለፈ፤ ከግመሎቹና ከምሽጎቹ ዛሬ የቀረ ጥቂት ነው። አገር ነፃ ወጥቷልና እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፣ የወደቁትንም እናከብራለን። ጌዴዎን ራሱ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሠራው የሰላም መሠዊያ ነበር። እናንተም በየቤታችሁ፣ በየትምህርት ቤታችሁ፣ በየገበያው ያን መሠዊያ አስቀድማችሁ ሥሩ። የሰላም አምላክ ከእናንተ ጋር ይሁን። አሜን።

ለቡድን ውይይት

1. መሳፍንት ምዕራፍ 6፣ 7 እና 8ን አንብቡ። ጌዴዎን ከድሉ በፊትና ከድሉ በኋላ ምን ለወጠው?
2. በመዝሙራችንና በጸሎታችን የምንጠቀምባቸውን የውጊያ ቃላት ዘርዝሩ። የማያምን ጎረቤታችሁ ሲሰማቸው ምን ይረዳል?
3. በሰፈራችሁ ሰው የሚጎዳበት፣ የለንደኑን ክብሪት የመሰለ ነገር ምንድን ነው? የወጣቶች ኅብረታችሁ በሦስት ወር ውስጥ ሊጀምረው የሚችል አንድ ሥራ ምረጡ።